«ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ኢንተርቪው መሰረዝና ሌሎች የኮንትራክተር ስህተቶች

ስልኩ የተደወለው አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሠራተኛ የምታፈላልገው ሪክሩተሯ ደስ ብሏታል። «ክላየንቱ ወዶሃል፣ ሬቱም (የሰዓት ክፍያህ) ጸድቋል፣ በሁለት ሳምንት ትጀምራለህ» አለችኝ። እሺ አልኩ። አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከዚያ ለማክሰኞ የተያዘልኝን ሌላ ኢንተርቪው ሰረዝኩ። ቃል ገብቻለሁ ብዬ ነዋ።

ሁለቱ ሳምንት አራት ሆነ። አራቱ ሰባት። በመጨረሻ ሪክሩተሯ ስልክ ማንሳት ተወች። በጀቱ እንደታገደ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ያ የሰረዝኩት የማክሰኞ ቦታም ሰው ከገባበት ወር አልፎታል። እኔ ሌሊት ሌሊት ኡበር እየነዳሁ የቤት ኪራይ ከፈልኩ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በኮንትራት የሚሠሩ ሐበሾች «የሥራ ኦፈር ተቀብያለሁ፣ ሌላውን ኢንተርቪው ልተወው?» ብለው ሲጠይቁኝ አሁን መልሴ አንድ ነው። አትተዉት። ላፕቶፑ እጃችሁ ገብቶ የመጀመሪያውን ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መዝገብ) እስክትሞሉ ድረስ አትተዉት። ግን አካሄድ አለው። ሰዎች አካሄዱን የት የት እንደሚስቱት ልንገራችሁ፤ ብዙውን እኔም ስቼዋለሁ።

«እሺ» ማለትን እንደ ሥራ መቁጠር

ቋሚ ተቀጣሪ የሚዋዋለው ከአንድ ድርጅት ጋር ነው። ኮንትራክተር ግን ከሰንሰለት ጋር ነው የሚዋዋለው። የሚቀጥራችሁ ኤጀንሲ አለ። ከእሱ በላይ ዋናው ኮንትራክተር አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ደንበኛ። ኦፈሩን የጻፈላችሁ ታች ያለው ነው፣ ሥራው ያለው ግን ላይ ነው። ላይ ቤት በጀት ሲታገድ ታች ያለው ሰውዬ የሚያደርገው ነገር የለም። ስልክ አለማንሳት ብቻ።

የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኦፈር ሌተሩን እስከ መጨረሻ አንብቡት። «ኮንቲንጀንት» የሚል ቃል ካለበት ሥራው በሌላ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ወይ ድርጅቱ ጨረታውን ገና አላሸነፈም፣ ወይ የእናንተ ማጣሪያ አላለቀም። ጨረታውን ቢያሸንፍም ገና ነው። የተሸነፈው ተወዳዳሪ ጂኤኦ (GAO) ለሚባለው የኮንግረስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ለመስጠት 100 ቀን አለው። አቤቱታው በጊዜው ከቀረበ ደግሞ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ ይቆማል። እንግዲህ መቶ ቀን ያለ ደመወዝ ቁጭ በሉ።

መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ሲዘጋም ያው ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ 35 ቀን ተዘግቶ ነበር። በ2025 መጸው ደግሞ 43 ቀን። የመንግሥት ሠራተኛው በኋላ ውዝፉ ተከፈለው። ለኮንትራክተሩ ግን ይከፈለው የሚል ሕግ የለም።

ከሞንታና በቀር በሁሉም ግዛቶች የተለመደው ደንብ «አት ዊል» የሚሉት ነው። ቀጣሪው ከመጀመራችሁ በፊትም ቢሆን ሐሳቡን መቀየር ይችላል። እናንተም እንደዚያው። ለነገሩ እነሱም ሁለተኛ ዕጩ በጎን ሳይዙ አይጠብቁም።

ይሉኝታን ከቃል ጋር መደባለቅ

ይኼኛው የእኛው ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ኦፈር ተቀብሎ ሌላ ጋ ኢንተርቪው ሲገባ የሰረቀ ይመስለዋል። አንዱ ጓደኛዬ የዙም ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት በሩን ይቆልፍ ነበር። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው።

እስቲ የሰጣችሁት ቃል ምን እንደሆነ አስቡት። «በተባለው ቀን፣ በተባለው ሬት ሥራው ካለ እመጣለሁ» ነው ያላችሁት። ከሌላ ሰው ጋር አላወራም አላላችሁም። ቀኑ በተገፋ ቁጥር ደግሞ ውሉን ቀድመው የቀየሩት እነሱ ናቸው። እኔ በእውነት ነውር የምለው ሌላ ነገር አለ። ሥራ ጀምሮ፣ አካውንት ተከፍቶለት፣ ሰው ሁለት ቀን አስቀምጦ አሠልጥኖት፣ በሦስተኛው ቀን ውልቅ ማለት። ይህን ያደረገ ሰው ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን የሌላውን ሰው ጉልበት በልቷል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይሉኝታው ልክ ነው። በሐበሻ ሪፈራል ስትገቡ። እዚህ አገር ስንቶቻችን ነን የመጀመሪያውን ሥራ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕቁብ ጓደኛ በኩል ያገኘነው? ያ ሰው ስሙን አስይዞላችኋል። ሁለት የማውቃቸው ሰዎች በዚህ ተኳርፈዋል። አንደኛው ሪፈር አደረገ፣ ሌላኛው ኦፈሩን ተቀበለ፣ ከመጀመሩ በፊት የተሻለ አገኘና ለሪክሩተሩ በኢሜል ተወው። ጨዋ ኢሜል ነበር። ችግሩ ሪፈር ያደረገው ልጅ ወሬውን የሰማው ሰኞ ጠዋት ከማናጀሩ አፍ መሆኑ ነው። ዛሬም ሰርግ ላይ ሲገናኙ የተለያየ ጠረጴዛ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ገና ስትጀምሩ ንገሩት። «ወንድሜ፣ ሌላም የጀመርኩት አለ፣ ሥራ እስክገባ አልዘጋውም።» የሚቀየር ነገር ካለ ደግሞ ከሪክሩተሩ በፊት ለእሱ ደውሉ። ቴክስት ሳይሆን ስልክ።

ያለውን ሥራ ቀድሞ መልቀቅ

ባክግራውንድ ቼክ (ያለፈ ታሪካችሁ ማጣሪያ) ሳያልቅ የሥራ መልቀቂያ አታስገቡ። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ውላችሁ ላይ የተጻፈ ካለ ግን እሱ ነው የሚገዛችሁ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ ማግኘት እንደሚቸግረውም አትርሱ። ድርጅቱ በውጭ ተቋም ባሠራው ባክግራውንድ ቼክ ምክንያት ሊጥላችሁ ካሰበ፣ ከመወሰኑ በፊት የሪፖርቱን ኮፒ ሊሰጣችሁ ሕግ ያስገድደዋል። በስም አጻጻፍና በልደት ቀን መምታታት የእኛ ሰው ስንት ጊዜ ተሰቃይቷል! ኮፒውን ጠይቁ።

በኤችዋንቢ የሥራ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ድርብ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። ሥራ ከቆመ በኋላ ያለው የእፎይታ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው።

ለአንድ ደንበኛ በሁለት ኤጀንሲ መግባት

ኢንተርቪው መቀጠል ማለት ሬዚሜን እንደ በራሪ ወረቀት መበተን አይደለም። ትልልቅ ደንበኞች አንዱን ቦታ ለብዙ ኤጀንሲ ይሰጣሉ። የሥራው መግለጫ ቃሉ ትንሽ ተቀይሮ ይመጣል፣ የድርጅቱ ስም አይጻፍም። እናንተ ሁለት የተለያየ ሥራ መስሏችሁ ለሁለቱም «እሺ» ትላላችሁ። ደንበኛው ጋ ስማችሁ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይጥላል። በኤጀንሲዎች ጠብ መሐል መግባት አይፈልግም።

«ራይት ቱ ሪፕረዘንት» የሚባለውን፣ ኤጀንሲው እናንተን ለደንበኛው እንዲያቀርብ የምትፈቅዱበትን ኢሜል ከመመለሳችሁ በፊት የመጨረሻው ደንበኛ ማን እንደሆነ ጠይቁ። አልነግርህም ካለ አትፈርሙ። እኔ ቀኑን፣ ኤጀንሲውን፣ ደንበኛውንና ሬቱን በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ። ኤክሴልም ይሆናል፣ ደብተሩን ስለለመድኩት ነው።

በሬት ብቻ መዝለል

ሁለተኛው ኦፈር ሲመጣ ቁጥሩ ዓይን ይስባል። በደብሊው ቱ (የኤጀንሲው ተቀጣሪ ሆናችሁ) በሰዓት 60 ዶላር ይዛችሁ ሌላው በ1099 (እንደ ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሰው) 65 ቢላችሁ፣ አምስት ዶላር ጨመረ ማለት አይደለም። በደብሊው ቱ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክሱን ግማሽ፣ ማለትም 7.65 በመቶውን ቀጣሪው ይከፍልላችኋል። በ1099 ሁለቱም ግማሽ የእናንተ ነው፣ 15.3 በመቶ። የ60 ዶላር 7.65 በመቶ 4.60 ገደማ ነው። ከአምስቱ ዶላር የቀረው አርባ ሳንቲም መሆኑ ነው። ኢንሹራንሱና የእረፍት ቀኑ ገና አልተነሳም። ለአርባ ሳንቲም ተብሎ ሰው አይቀያየምም።

የሌለ ኦፈር አለኝ ብሎ ሬት ለማስጨመር መሞከርም አለ። «እንግዲያው እሱን ውሰደው» ሲሏችሁ መልስ የለም።

ሁለቱንም ጀምሮ መያዝ

ሪሞት ሥራ ከመጣ ወዲህ ይህን እንደ ጉብዝና የሚያወራ ሰው በዝቷል። አንዱ ቀን፣ ሌላው ማታ ከሆነና ውሉ ካልከለከለ የራሳችሁ ድካም ነው። በአንድ ሰዓት ሁለት ታይምሺት መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው። በመንግሥት ፕሮጀክት ላይ ያልተሠራ ሰዓት ማስከፈል ማጭበርበር ነው። ሥራ በማጣት ብቻ የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ፣ ክስ አለው።

ድምፅ ሳያሰሙ መጥፋት

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። ዝርዝር ምክንያት አያስፈልግም። ዘመድ ታሞብኝ ነው ምናምን ማለት ይቅር፣ ሊንክድኢን ያጋልጣል። «ሌላ ቦታ ለመሄድ ወስኛለሁ፣ ስለ ጊዜያችሁ አመሰግናለሁ» በቂ ነው። ሪክሩተር ከኤጀንሲ ኤጀንሲ ይዘዋወራል፣ ስማችሁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ያቺ የሰባት ሳምንቷ ሪክሩተር ራሷ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ ኤጀንሲ ደወለችልኝ። አልተቀየምኳትም፣ በጀቱን ያገደችው እሷ አይደለችም። ኦፈሩን ተቀበልኩና «ግን እስክጀምር ድረስ ሌላ ጋ ኢንተርቪው ማድረጌን አላቆምም» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «አዎ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለች። ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!