ደችኛ ውስጥ «ተ» የት ትግባ?

ደችኛ ስትማሩ ከእንግሊዝኛ ጋር እያወዳደራችሁ ራሳችሁን አታድክሙ። ቢያንስ «ለመግዛት»፣ «ለመነሳት» ዓይነት ሐረግ ስትሠሩ አማርኛችሁ ይሻላችኋል።

«ኦም ብሮት ተ ኮፐን» ማለት «ዳቦ ለመግዛት» ነው። ብሮት ዳቦ፣ ኮፐን መግዛት። ቅደም ተከተሉን እዩት፤ ዳቦው ቀደመ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ዋለ፣ ልክ እንደኛው። «ኦም» ሐረጉን ይጀምራል፣ «ተ» ግሱ አጠገብ ትቆማለች። መሃል ላይ ደግሞ «ነገ»ም በሉ «ከጓደኛዬ ጋር»፣ የፈለጋችሁትን ክተቱ።

እኔን ያሰቃየኝ የሚነጣጠለው ግስ ነው። «ኦፕስታን» መነሳት ነው። ለወራት «ኦም ተ ኦፕስታን» እያልኩ ስጽፍ ኖሬ፣ ደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ ሲሞላ ነው የባነንኩት። ትክክሉ «ኦም ቭሩኽ ኦፕ ተ ስታን» ነው፣ በጠዋት ለመነሳት። «ተ» መሃል ገብታ ግሱን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ሲጻፍም ሦስቱ ለየብቻ ነው።

አሁን ወደ መስተዋድዱ። «ኧን ስቱል ኦም ኦፕ ተ ዚተን» የሚቀመጡበት ወንበር ነው። እዚህ «ኦፕ» የግሱ ቁራጭ አይደለም፣ «ላይ» ማለት ነው። ግን ወንበሩ ቀድሞት ወደ ፊት ስለሄደ ብቻውን ቀርቶ ያው «ተ» ፊት ተቀመጠ። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው መጨረሻ ላይ ሊወረውረው ይቃጣዋል። ይልቅ «የሚቀመጡበት» ውስጥ ያለችውን «በት» አስቧት፤ እሷም ስሙ ትቷት ሲሄድ ግሱን የተጠጋች «በ» ናት።

አንድ ተንኮል አለ። «ሜት»፣ ማለትም «በ» ወይም «ጋር»፣ እንዲህ ብቻውን ሲቀር «ሜ» ይሆናል። «ኧን ፔን ኦም ሜ ተ ስኽሬይቨን»፣ የሚጽፉበት እስክሪብቶ። «ኦም ሜት ተ» ካላችሁ ወዲያው ይታወቅባችኋል።

«ኦም» የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። «ዞንደር» ካለ ቦታውን እሱ ይይዛል፦ «ዞንደር ኢትስ ተ ዜኸን»፣ ምንም ሳይሉ። መፈለግና መቻል፣ ማለትም «ዊለን» እና «ኩነን»፣ «ተ»ንም አያስጠጉም። «ኢክ ዊል ስላፐን»፣ መተኛት እፈልጋለሁ፣ ብሎ መተኛት ነው።

ለልምምድ አጠገባችሁ ያለውን ዕቃ በ«በት» ጥሩና ወደ ደችኛ መልሱት። ግን መስተዋድዱን ከደችኛው ግስ ጋር አጥኑት፣ የኛ «በ» ብዙ ሥራ ደርባ ነው የምትሠራው። የሚበሉበት ማንኪያ ከሆነ «ሜ» ነው። የሚበሉበት ሳህን ግን «ኧን ቦርት ኦም ቫን ተ ኤተን» ነው፤ እዚህም «ሜ» ካላችሁ ምግቡን በሳህኑ ልትዝቁት ነው ማለት ነው።