የጥሊያን ጊዜ አውሮፕላን ሜዳን ትዝታ ከቤተሰብ አፍ ለመቅዳት

በ1928 ዓ.ም. የሰባት ዓመት እረኛ የነበረ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜው ከዘጠና አምስት በላይ ነው። ስለዚህ በመንዝም ሆነ በቡልጋ፣ በተጉለትም ሆነ በይፋት ስለዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚያወጋችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው። ደብተራችሁን ከመጀመሪያው ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ በኩል «በዓይኔ ያየሁት»፣ በሌላው «የሰማሁት፣ ከእገሌ» ይጻፍ። አንዴ ከተቀላቀለ ኋላ የሚለየው የለም።

ቀጠሮው ሥራ በማይያዝበት በዓል ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ከሆነ የቆርቆሮ ቤት አይሆንም፤ ዝናቡ ድምፁን ይውጠዋል። ቡናው ይፈላ፣ ሙቀጫው ሲወቀጥ ግን ቅጂው ይቁም። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት (ለጉዳዩም ይስማማል)፤ ከተናጋሪው አፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ በታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጥ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት የስኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ፈቃዳቸውንም እዚያው ቅጂው ላይ ጠይቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ አትሂዱ፤ ሽማግሌ ሲደክመው ለማሳጠር ሲል ብቻ «አዎ» ይላል።

«ሜዳው መቼ ተሠራ?» ብሎ መጀመር ትርፉ ግምት ነው። ልጅ ዓመተ ምሕረት አይዝም። «አባባ፣ ድምፁን መጀመሪያ ሲሰሙ የት ነበሩ? ከብቶቹ ምን ሆኑ? ማን አስገባዎት?» በሉ። ቀጥሎ ወሩን ከሰብሉና ከበዓሉ አውጡት፦ ገብሱ ታጭዶ ነበር? በልግ ተዘርቷል? ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው በኋላ? ዓመቱን ደግሞ ሁሉም በሚያውቃቸው ነገሮች መካከል አስገቡት፦ ጥሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው የካቲት 12 ቀን 1929፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እልቂት ግንቦት 1929፣ የአመጸኛ ዋሻው የመርዝ ጋዝ ሚያዝያ 1931፣ የንጉሡ መመለስ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለሱ ለቤት ሥራ ይቆይ። እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይጨመራል፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ዓመቱን ሙሉ ስምንት በመደመር ነው።

አንድ ጠንካራ ማጣሪያ አለ። «ሁለት አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲታኮስ አየሁ» የሚል ትዝታ ከሰኔ 1932 በፊት ሊሆን አይችልም። እንግሊዝና ጥሊያን ጦርነት የገጠሙት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በአርበኛው ላይ የሚበረው የጥሊያን ብቻ ነበር።

ዓይነቱን ለመለየት ስም አትጥሩ። «ካፕሮኒ ነው?» ካላችሁ መልሱ «አዎ፣ ካፕሮኒ» ነው። ስም የሌለባቸው አራት አምስት ሥዕሎች አሳዩ፤ በመካከላቸው የዘመኑ ያልሆነ አንድ የጄት አውሮፕላን ይግባ። እሱን ከመረጡ የቀረውንም መልስ በጥርጣሬ ያዙት። ጥያቄው ስለ ክንፍ፣ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ይሁን። ክንፉ ድርብ ከሆነ፣ ሞተሩ አንድ ከሆነና የሚቀመጠውም አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ፊያት ሲ አር 32 ወይም 42 የሚባለው ተዋጊ ሊሆን ይችላል። ድርብ ክንፍ ሆኖ ሁለት ሰው ከያዘ ሮ 37 የሚባለውን ቃኚ አስቡ። ሦስት ሞተር ኖሮት ክንፉ ከላይ ከሆነ ካፕሮኒ 133፣ ክንፉ ከታች ሆኖ ጎማው የማይታጠፍ ከሆነ ሳቮያ 81 ነው። ነጠላ ክንፍና አንድ ሞተር ኖሮት ጎማው ወደ ውስጥ ከታጠፈ ደግሞ የእንግሊዙ ሀሪኬን ሊሆን ይችላል።

ቦታውን ለማግኘት ወረቀት ከመስጠት ባቄላ ማቅረብ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ባቄላ፣ ወንዙ መስመር፣ መንገዱ ሌላ መስመር ይሁን፤ ሜዳውን ራሳቸው ያስቀምጡት። ፎቶ አንሱና አብራችሁ ሂዱ። በሁለቱም ጫፍ ቆማችሁ ስልኩ ላይ የሚወጣውን የቦታውን መገኛ ቁጥር (ጂፒኤስ) መዝግቡ፤ ርዝመቱን በእርምጃ ለኩ። አስቀድማችሁ በሜትር በተለካ መቶ ሜትር ላይ እርምጃችሁን ቁጠሩ፤ አለዚያ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የልጅ ዓይን ስፋትን ያገንናል፣ ትንሹን ነገር ግን አይስትም፤ በኖራ የተቀባውን ድንጋይ፣ የነፋስ ማሳያውን ጨርቅ፣ የቤንዚን በርሜሉን፣ የድንኳኑን በር አቅጣጫ እመኑት።

አፈሩንም እዩ። የእነዋሪና የሞረትና ጅሩ አካባቢ ጥቁር ዋልካ በክረምት ጎማ ይውጣል፤ ነሐሴ ላይ አረፈ የሚል ካለ ማረፉን ሳይሆን ዝቅ ብሎ ማለፉን ወይም ስንቅ መጣሉን አይቶ እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይሻል። የተጠቆማችሁት ቦታ አጭርና ገደል የከበበው ከሆነ ተጠራጠሩ።

ሜዳውን የደለደለው የአገሬው ሰው ከሆነ ነገሩን በጥንቃቄ ያዙት። «ባንዳ ነበሩ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ወጉንም ዝምድናውንም ያጣል። «ሥራው ምን ነበር? በግድ ነው በደመወዝ? የሚከፈለው ሊሬ ነው ጠገራ ብር?» ማለት ይበቃል፤ የቀረውን ራሳቸው ያመጡታል። የሰው ስም ከተነሳ በቤተሰቡ ፈቃድ ካልሆነ አይውጣ።

በእርሻ ላይ የተገኘ ብረት፣ ጥይት መሳይ ወይም የተዘጋ በርሜል ካሳዩአችሁ አትንኩ፣ አታገላብጡ። ከሩቅ ፎቶ አንስታችሁ ለቀበሌና ለፖሊስ ንገሩ።

ቅጂውን ስትገለብጡ «ድምጥ» ያሉትን «ድምፅ» ብላችሁ አታርሙ፤ ያልተሰማውን ቦታ በነጥብ ተዉትና ደቂቃውን ጻፉበት። የፋይሉ ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ቀበሌ በሚል ቅደም ተከተል ይሁን። አንዱ ቅጂ ከእናንተ ጋር፣ አንዱ በሌላ ቤት፣ አንዱ በፍላሽ ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ፈቃድ ካላችሁ አራተኛውን አዲስ አበባ ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አስረክቡ።