ፍራንክ ዛፓን ከየት ጀምሮ፣ እንዴት ማዳመጥ ይሻላል

አሜሪካዊውን ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓን (1940–1993) ለማወቅ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ገና ሲጀምር ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ ብቻ ከ60 በላይ አልበም አውጥቷል። አንዳንዱ «በተራ ልሂድ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው «ፍሪክ አውት!» ይጀምራል። ባለ ሁለት ሸክላ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ የያዘው ረጅም የከበሮና የጩኸት ሥራ ጀማሪን ያባርራል። ሌላው በገበያ የተሳካለትን ልስማ ብሎ የ1979ኙን «ሺክ ያርቡቲ» ይከፍታል፤ እሱ ደግሞ በብልግና ቀልድ የተሞላ ስለሆነ ወይ ስቆ ያልፈዋል ወይ ተናዶ ይዘጋዋል። በሁለቱም መንገድ ሙዚቃው ሳይሰማ ይቀራል። ዛፓ ከሁሉም በፊት የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ግጥሙን ለኋላ አቆዩት።

በ1969 በወጣው «ሆት ራትስ» ጀምሩ። ከስድስቱ ሥራዎች ሰው የሚዘፍንበት አንዱ ብቻ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ በ16 ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ በሚያዙ 16 የድምፅ መስመሮች፣ የተቀረጸና ድምፅ በድምፅ ላይ የተደራረበ ስለሆነ በስልክ ስፒከር ግማሹ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ሥራ፣ «ፒችስ ኤን ሬጋሊያ»ን፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሙት፤ አራት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። በመጀመሪያው ዙር ዜማውን ብቻ ተከተሉ። እንደተለመደው ዘፈን በየስንኙ የሚመለስ አዝማች አትጠብቁ፤ አንዱ ዜማ በቅጡ ሳይቀመጥ ሌላው ይተካዋል። በሁለተኛው ዙር ጆሯችሁን ለትንፋሽ መሣሪያዎቹ ስጡ። ፍሉቱን፣ ሳክስፎኑንና ክላርኔቱን እየደረበ የተጫወተው አንድ ሰው፣ ኢያን አንደርውድ፣ ነው፤ ፒያኖውና ኦርጋኑም የእሱ ናቸው። በሦስተኛው ዙር ቤዙንና ድራሙን። አንዳንዱ ድምፅ እንደ መጫወቻ ቀጭን ሆኖ ከተሰማችሁ መሣሪያችሁ አልተበላሸም፤ ቴፑ በዝግታ እየሄደ ተቀርጾ በፍጥነት የተጫወተ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አለ፦ የቅጂ ጉዳይ። ዛፓ በ1980ዎቹ የቆዩ አልበሞቹን ለሲዲ ሲያዘጋጅ እንዳሉ አልተዋቸውም። የ1987ቱ የ«ሆት ራትስ» ሲዲ እንደ አዲስ የተሚከሰ (የተቀረጹት ድምፆች እንደገና ተመጣጥነው የተቀላቀሉበት) ሲሆን፣ በ2012 የወጣው ወደ መጀመሪያው ሚክስ ተመልሷል። ለመለየት ሽፋኑን ሳይሆን «ዘ ጋምቦ ቬሪዬሽንስ» የሚፈጀውን ጊዜ ተመልከቱ፦ ወደ 13 ደቂቃ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ወደ 17 ደቂቃ ከሆነ የ1987ቱ ነው። ሁለቱም ይሰማሉ። የባሰው የ1968ቱ «ዊር ኦንሊ ኢን ኢት ፎር ዘ መኒ» ላይ የደረሰው ነው፤ በ1980ዎቹ ሲዲ ላይ የድሮው ቤዝና ድራም ተነስቶ በሌሎች ተጫዋቾች አዲስ ተቀርጿል። የ1960ዎቹ ጊታር ከ1980ዎቹ ድራም ጋር አይገጥምም፤ በ1995 የወጣውን ወይም ከዚያ በኋላ የመጣውን ያዙ። «ክሩዚንግ ዊዝ ሩበን ኤንድ ዘ ጄትስ»ም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል፤ የመጀመሪያው ሚክስ በሲዲ የተገኘው በ2010 «ግሪዚ ላቭ ሶንግስ» በሚል ርዕስ ነው።

ቀጥሎ የ1975ቱን «ዋን ሳይዝ ፊትስ ኦል» ክፈቱ። ከባንዶቹ ሁሉ የምንመርጠው ይህን ነው፦ ጆርጅ ዱክ ኪቦርድ፣ ሩት አንደርውድ ማሪምባና ቫይብራፎን (በበትር የሚመቱ የእንጨትና የብረት ርብራብ መሣሪያዎች)፣ ቼስተር ቶምፕሰን ድራም። «ኢንካ ሮድስ» ስምንት ደቂቃ ተኩል ያልፋል፤ መጀመሪያ ስትሰሙት ቅጡ የጠፋ ይመስላል። በማሪምባው ተመሩ። ፈጣኑ ዜማ የት ተጀምሮ የት እንደሚቋረጥ ከሁሉም አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው። የጊታር ሶሎው ከሌላው ሙዚቃ ጋር አብሮ አልተቀረጸም፤ በ1974 ሄልሲንኪ ላይ ከቀረበ ኮንሰርት ተቆርጦ የገባ ነው። ያ የሄልሲንኪ ዝግጅት በ1988 ለብቻው ስለወጣ፣ ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ የዛፓ የስቱዲዮ ሥራ ምን ያህል የመቁረጥና የመስፋት ሥራ እንደሆነ ይገባችኋል።

ይህ ዘዴ በ«ጆዝ ጋራዥ» (1979) ገፍቶ ሄዷል። አብዛኛው የጊታር ሶሎ ከሌላ ኮንሰርት፣ ከሌላ ዘፈን፣ በሌላ ፍጥነት ከተጫወተ ቅጂ ተነቅሎ አዲስ ምት ላይ ተጭኗል። ጊታሩ ከድራሙ ጋር የማይገናኝ ሲመስላችሁ ጆሯችሁ ልክ ነው፤ እውነትም አልተገናኙም፣ የተፈለገውም ያ ነው። ጊታሩን ይዛችሁ ድራሙን ለመቁጠር አትሞክሩ። ከድራሙ ወይም ከቤዙ አንዱን ያዙ፤ ጊታሩ በላዩ ይንሳፈፍ። «ዋተርመለን ኢን ኢስተር ሄይ» ግን የተለየ ነው፤ ሶሎው ከባንዱ ጋር አብሮ ተቀርጿል። ምቱን እስከ 9 እየቆጠራችሁ እንደገና ከ1 ጀምሩ። በ8 የምታቆሙ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ምት ትቀድማላችሁ።

መቁጠር ከወደዳችሁ «ዘ ብላክ ፔጅ» አለላችሁ። በታኅሣሥ 1976 ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀርጾ በ1978 በ«ዛፓ ኢን ኒው ዮርክ» ወጥቷል። መጀመሪያ ለቴሪ ቦዚዮ የድራም ሶሎ ሆኖ ተጻፈ፣ ዜማው በኋላ ተጨመረበት። በአልበሙ ላይ በሁለት መልክ፣ ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ተብሎ ይገኛል፤ ሁሉም የሚሳሳተው ከቁጥር 1 በመነሳት ነው። ከቁጥር 2 ተነሱ፦ ከሥሩ ቀጥ ያለ የዳንስ ምት ስላለ እግራችሁን መሬት እየመታችሁ እስከ 4 መቁጠር ትችላላችሁ። እግራችሁ ሳይዛነፍ ዜማው በዚያው ምት ውስጥ 5፣ 7፣ አንዳንዴም 11 ኖታ ሲያጭቅ ስሙ። ከዚያ ወደ ቁጥር 1 ተመለሱ፤ ምቱ ቢደበቅም አራቱ እዚያው አለ። እግራችሁ ዜማውን መከተል ከጀመረ ጠፍታችኋል፤ ከመነሻው ጀምሩ።

አሁን ግጥሙ። ሁሉም አይጣፍጥም፤ በሴቶች ላይ የሰነዘራቸው ቀልዶች ብዙዎቹ ያኔም የጎረበጡ ነበሩ፣ መዝለል ነውር የለውም። የሚያዋጣው ከአልበም አልበም የሚመላለሱትን ነገሮች መመዝገብ ነው። ፑድል ውሻ ብቻ ብትከተሉ በ1973 «ደርቲ ላቭ» ላይ፣ በ1974 «ስቲንክ ፉት» ላይ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ «ቺፕኒስ» ላይ ግዙፍ ጭራቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዛፓ ሥራውን ሁሉ እንደ አንድ ድርሰት ያይ ስለነበር ድግግሞሹ የስንፍና አይደለም።

የመጨረሻው እርከን ኦርኬስትራው ነው። ሲንክላቪየር በተባለው ኮምፒውተራዊ መሣሪያ የሠራውን «ጃዝ ፍሮም ሄል» (1986) ውሰዱና «ጂ ስፖት ቶርኔዶ»ን ስሙ። ሰው ሊጫወተው አይችልም ብሎ ያመነበት ሥራ ነው። ከዚያ «ዘ የሎ ሻርክ»ን ክፈቱ፤ ከሞቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ በኅዳር 1993 የወጣ ሲሆን፣ ያንኑ ሥራ የጀርመኑ ኦንሳምብል ሞደርን በእጅና በትንፋሽ ይጫወተዋል። ይህን ዓይነት ሙዚቃ ለመልመድ ዛፓ በልጅነቱ የተማረከበትን የሙዚቃ ደራሲ ኤድጋር ቫሬዝን ቀድማችሁ ስሙ፤ «ዮኒዛስዮን» ለ13 የከበሮና የምት መሣሪያ ተጫዋቾች የተጻፈ፣ ስድስት ደቂቃ አካባቢ የሚፈጅ ሥራ ነው። ዜማ አትፈልጉበት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ የለም። ሳይረኖቹ ሲነሱና ሲወርዱ የትኛው ከበሮ እንደሚመልስላቸው ተከታተሉ።