የቁም ፍሪዘር ዕድሜ የሚያሳጥሩ ስህተቶች፦ ከደሴ እስከ ባቲ ላሉ ቤቶች

የቁም ፍሪዘር አርጅቶ የሚሞተው ጥቂቱ ነው። ብዙውን የሚገድለው መብራት እንደመጣ ወዲያው መነሳቱ፣ በረዶ የሚፈለፈልበት ቢላዋ እና «ጋዝ ብቻ ሙላልኝ» የሚባል ጥገና ነው።

መብራት እንደመጣ ማስነሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ በሚሠራበት ጊዜ ጋዙ በአንድ ወገን በከፍተኛ፣ በሌላው ወገን በዝቅተኛ ግፊት ላይ ይገኛል። መብራት ሲሄድ ሁለቱ ወገኖች በቀጭኗ የመዳብ ቱቦ በኩል እስኪስተካከሉ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። መብራት ሄድ መለስ እያለ ከዚያ ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ ያንን ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል። መዞር ስለሚያቅተው ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፤ ይህ ሲደጋገም የውስጡ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል።

መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመጣ 10 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ አምፖሉ መብለጭለጩን ትቶ ሲረጋ ሰኩት። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስነሳ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። የፍሪዘሩ ሰሌዳ 150 ዋት ብቻ ቢልም ሲነሳ የሚስበው ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ፣ ከ1,000 ዋት ያነሰ ስታቢላይዘር አያዋጣም።

ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር መሰካት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ፍሪዘሩና ምጣዱ በአንድ ቀጭን ገመድ ወይም በአንድ ዲቫይደር ላይ ከሆኑ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ጊዜ 220 መሆን ያለበት ቮልት ከ190 በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ኮምፕሬሰሩ ለጥቂት ሰከንድ ያጉረመርማል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ዝም ይላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። «ቀጭ» የሚለው ሞተሩ እንዳይቃጠል መስመሩን የሚቆርጠው ኦቨርሎድ ነው።

ምጣዱ ጠፍቶ ፍሪዘሩ በደንብ ከተነሳ ችግሩ የመስመር ነው። ለፍሪዘሩ የራሱን የግድግዳ ሶኬት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አዘርጉለት። ምጣዱ ጠፍቶም «ቀጭ» ማለቱን ካልተወ ጥርጣሬው ወደ ማስነሻ ሪሌው ይዞራል። ሪሌው በኮምፕሬሰሩ ጎን በፕላስቲክ ክዳን ሥር የተሰካ ትንሽ ዕቃ ነው። ስፒናው ተነቅሎ ከቆየ በኋላ ሪሌው ወጥቶ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ እንደ ቆሎ ከተንኮሻኮሸ ውስጡ ያለው ክብ ጠጠር ተሰብሯል ማለት ነው። ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ስለዚህ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ከመባሉ በፊት ሪሌው ይታይ።

በረዶን በቢላዋ መፈልፈል

በተራው የቁም ፍሪዘር፣ ማለትም በረዶውን በእጅ በምናሟሟው ዓይነት፣ የብረት መደርደሪያዎቹ ራሳቸው የማቀዝቀዣው አካል ናቸው። ከሥራቸው ተጣጥፎ የሚያልፈው ቧንቧ ጋዙን ይዟል። ቢላዋ አንዴ ከሳተ ቧንቧው ይበሳል፣ ጋዙ «ስስስ» ብሎ ይወጣል። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪዘሮች የያዙት አር 600 ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ ከሰል የተያያዘበት ወይም ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ከሆነ አደጋው ከፍሪዘሩ ያልፋል። ይህ ከገጠማችሁ እሳቱን አጥፉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ማብሪያ ማጥፊያውንም ስፒናውንም አትንኩ።

በረዶው 5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የማሟሟት ጊዜ ነው። ከዚያ ሲወፍር እንደ ብርድ ልብስ ቅዝቃዜውን ይይዘዋል፣ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስፒናውን ነቅላችሁ ሥጋውን በካርቶን ክተቱና በጋቢ ጠቅልሉት። ሙቅ ውኃ የያዘ ድስት በተጣጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ በሩን ዝጉ። በየ15 ደቂቃው ውኃውን ቀይሩ። የላላውን በረዶ በእጅ ወይም በእንጨት ጭልፋ አንሱ፤ መጨረሻ ላይ በደንብ ካላደረቃችሁት የቀረው እርጥበት መልሶ በረዶ ይሆናል።

በረዶ አይሠራም ተብሎ የተገዛው፣ ማራገቢያ ያለው ፍሪዘር የኋላ ግድግዳው በበረዶ ከታፈነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሙሉ ቀን አጥፍታችሁ ካሟሟችሁት በኋላ ሳምንት ያህል በደንብ ሠርቶ እንደገና ከታፈነ፣ መጀመሪያ የበሩ ጎማ አየር እንደማያስገባ አረጋግጡ፤ ከዚያ የማሟሟቻው ሂተር፣ ሴንሰሩ ወይም የማሟሟቻው ሰዓት ቆጣሪ ይመርመር። ጋዝ ማስሞላት ይህን አያድነውም።

የቅርጫ ሥጋን በአንድ ጊዜ መጫን

ለፋሲካም ለአረፋም ያው ስህተት ይደገማል፦ ትኩስ ሥጋ በትልቅ ፌስታል ተጠቅልሎ እስከ አፉ ይሞላል። ባለ 200 ሊትር ፍሪዘር በ24 ሰዓት በአግባቡ የሚያቀዘቅዘው አዲስ ሥጋ ከ7 እስከ 10 ኪሎ ነው። ከዚያ ሲበልጥ የመሃሉ ሥጋ ሳይበርድ ያድራል፣ ቀድሞ የነበረውም መቅለጥ ይጀምራል። በኪሎ በኪሎ ከፋፍላችሁ፣ ፌስታሉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ጠፍጥፋችሁ፣ በቀጥታ በብረቱ መደርደሪያ ላይ አንጥፉት። የቀረው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ በማግስቱ ይግባ፤ የሚተርፈው ቋንጣ ይሁን። ፍሪዘሩ መድረስ ያለበት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው።

የበሩን ጎማ መርሳት

የብር ኖት በበሩ ላይ አጣብቃችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ትግል ሾልኮ ከወጣ በዚያ በኩል አየር ያስገባል። በአራቱም ጎን ሞክሩ። ጎማውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ የተጨማደደውን ቦታ በሙቅ ፎጣ አለስልሱት፣ ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። ከተሰነጠቀ ብቻ ይቀየር።

የማይሆን ቦታ ላይ ማስቀመጥ

ሰሌዳው ላይ ያለውን የአየር ንብረት ምልክት አንብቡ። «ኤስ ኤን» የሚለው ከ10 እስከ 32፣ «ቲ» የሚለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል የተሠራ ነው። ለባቲና ለከሚሴ «ቲ» ይመረጣል፤ ከኋላና ከጎን 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉለት፣ የኋላውን ጥቁር ፍርግርግ በየ3 ወሩ ከአቧራ ጥረጉ። ደሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አንድ ቴርሞስታት (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ) ብቻ ያለው፣ ፍሪጅና ፍሪዘር አንድ ላይ የሆነ ዕቃ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በረንዳ ላይ ካደረ፣ ቴርሞስታቱ የሚለካው የፍሪጁን ክፍል ስለሆነ «በቂ ቀዝቅዟል» ብሎ ሞተሩን አያስነሳም፤ ላይኛው ክፍል ያለው ሥጋ ይቀልጣል። ወደ ውስጥ አስገቡት።

በአይሱዙ አስተኝታችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ካወረዳችሁት፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ በተኛበት ሰዓት ልክ ሳይሰካ ቆሞ ይቆይ፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ከዋለ 24 ሰዓት።

መብራት ሲጠፋ እየከፈቱ ማየት

የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የቁሙ ሲከፈት ግን ቀዝቃዛው አየር በእግር ሥር ፈስሶ ያልቃል። ባዶ ቦታውን ሁለት ጣት ያህል በጎደለ የውኃ ሃይላንድ ሙሉት። በረዶ የሆነ አንድ ስኒ ውኃ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፤ ከመንገድ ስትመለሱ ሳንቲሙ ታች ሰጥሞ ካገኛችሁት እናንተ በሌላችሁበት ቀልጦ እንደገና በርዷል፣ ሥጋው አይበላ።

በየዓመቱ ጋዝ ማስሞላት

ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ። ሠራተኛው ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ ፈልጎ ይድፈን፣ ፊልተሩን ይቀይር፣ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ ያውጣ፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን መዝኖ ይሙላ። የአር 600 ኤ ልክ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች ስለሆነ በግምት የሚሞላ አይደለም። በእሱ ምትክ አር 134 ኤ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጋዝ ልሙላ የሚል ካለ አታስነኩት።