ወደ ሬዩኒዮን ደሴት ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የፈረንሳይ ግዛት ሬዩኒዮን ስፋቷ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ፒቶን ዴ ኔዥ የተባለው ተራራዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አብዛኞቹ የጎብኚዎች ስህተቶች የሚመነጩትም የደሴቲቱን ስፋት አይቶ ከፍታዋን ከመዘንጋት ነው።

ጉዞን በኪሎ ሜትር ማስላት የተለመደው ስህተት ነው። ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከሴን ሉዊ በተራራ ውስጥ ወዳለችው ሲላኦስ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ባይሞላም 400 ያህል ጠመዝማዛ ኩርባዎች ስላሉት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማፋት ወደተባለው በገደል የተከበበ ሸለቆ ደግሞ የሚገባው በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ማደር የሚፈልግ ሰው በመንደሮቹ ካሉት ጥቂት ማረፊያዎች በአንዱ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይኖርበታል።

አርፍዶ መነሣትም ብዙ ያሳጣል። ፀሐይ ስትበረታ ከባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ይዞ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ወደ ደመና ስለሚለወጥ፣ ንጋት ላይ ከማይዶ አፋፍ ወለል ብሎ የሚታየው የማፋት ሸለቆ ብዙውን ጊዜ ረፋዱ ላይ ይሸፈናል። ለባሕር ዳርቻ ብቻ የሚሆን ልብስ ይዞ መሄድም ያስቸግራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ንጋት ላይ ፒቶን ዴ ላ ፉርኔዝ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ውርጭ ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ባሕሩ ጸጥ ያለ መስሎ በታየበት ሁሉ መዋኘት ነው። ተደጋጋሚ የሻርክ ጥቃት የሰው ሕይወት በማጥፋቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኮራል ዓለት ከታጠረው ጥልቀት የሌለው ውኃና ጥበቃ ከሚደረግባቸው ስፍራዎች ውጪ መዋኘትና በሞገድ ላይ መንሸራተት ተገድቧል። ይህን ክልከላ ለቱሪስት የተጻፈ የተለመደ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ማየት አይገባም፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ በደፈረሰ ውኃና በወንዝ መግቢያ አጠገብ መዋኘት እጅግ አደገኛ ነው። በኮራሉ ላይ መቆምም ሕይወት ያለውን ፍጥረት መጨፍለቅ ነው።

ፒቶን ዴ ላ ፉርኔዝ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ ከሚፈነዱት እሳተ ገሞራዎች አንዱ ሲሆን፣ ፍንዳታ ሲቃረብ በገደል ወደተከበበው የእሳተ ገሞራው ውስጠኛ ክፍል የሚያስገባው መንገድ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በእሳተ ገሞራው አናት ላይ ያለው ጉድጓድ ወለል በ300 ሜትር ገደማ መስመጡን የሚያውቅ ሰው፣ የተዘጋውን በር አልፎ ለመግባት አይዳዳውም።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የአውሎ ነፋስ ወቅት በወንዝ አካሄዶች ላይ የእግር ጉዞ ማቀድ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በጥር 1966 ፎክ ፎክ በተባለው ስፍራ በአንድ ቀን 1,825 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዝግቧል፤ ከላይ እንዲህ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ታች የሚደርሰው በፍጥነት ነው።

በመጨረሻም፣ ደሴቲቱ የሸንገን ቀጠና (የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) አካል ስላልሆነች የሸንገን ቪዛ ብቻውን አያስገባም፤ ማመልከቻው ሲሞላ መድረሻው ሬዩኒዮን መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት።