«ፕሊስ አድቫይስ ሚ»፦ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የድሬ ልጅ ቋንቋ አያስፈራውም። እቤቱ በኦሮምኛ አውርቶ ወጥቶ፣ ታይዋን ገበያ በሶማልኛ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከሰዓት ጫቱ ላይ በአማርኛ ሲቀልድ የሚያመሽ ሞልቷል። እንግሊዝኛውም ቢሆን አያንሰውም። የሚያስቸግረው ትንንሹ ነገር ነው፤ በተለይ አንድ ቃል ስምም ግስም ሆኖ ሲመጣ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጠቁጠኝ አድቫይስ ነው። ሥራ ፈላጊ ይጽፈዋል፣ ነጋዴ ባንክ ቤት ያየዋል፣ አስጎብኚ ለቱሪስት ይለዋል፣ ተማሪውማ አይጠየቅም። ስህተቶቹ ደግሞ ሁሌም እነዚያው ናቸው።

ስሙንና ግሱን አንድ አድርጎ መጥራት

ስሙ አድቫይስ ነው፣ በስ ያልቃል። ግሱ አድቫይዝ ነው፣ በዝ ያልቃል። አማርኛ ሁለቱም ድምፅ ስላለው ሰበብ የለንም፤ «ሠራ» እና «ዘራ» አንድ ናቸው የሚል ሰው አላየሁም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ሁሉም ነገር አድቫይስ ይሆናል። ነጻ ንግድ ቀጠና ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ የወጣ ቀን የቴሌግራም ግሩፑን ክፈቱት፤ «ፕሊስ አድቫይስ ሚ» በየመስመሩ ነው። ጸሐፊው «እባካችሁ ምከሩኝ» ያለ ይመስለዋል። የጻፈው ግን «እባካችሁ ምክርኝ» ነው።

መለያው እጃችሁ ላይ ነው። ልትሉት ያሰባችሁትን መጀመሪያ በአማርኛ በሉት። «ምክር» ካላችሁ ስ፣ «መከረ፣ ይመክራል፣ ምከሩኝ» ካላችሁ ዝ። ካምፓስ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ መያዣ አለው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያይለትን መምህር «አድቫይዘሬ» ነው የሚለው። ያቺ ዝ ከግሱ የመጣች ናት፣ የሚመክር ሰው ነዋ! አድቫይዘር በትክክል የሚል ሰው አድቫይዝ ለማለት አዲስ ነገር መማር አይጠበቅበትም፣ ጅራቷን መቁረጥ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በፍጥነት ሲወራ ስና ዝ በደንብ አይለዩም። ያኔ ጆሯችሁን ከፊታቸው ያለችው «አይ» ላይ አድርጉ፤ ግሱ ላይ ረዘም ትላለች፣ ስሙ ላይ ቶሎ ትቆረጣለች።

በሰሙት ድምፅ መጻፍ

ይኼኛው ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። እኛ የምንጽፈው እንደምንሰማው ነው፤ ስ ከሰማን ስ እንጽፋለን። ስለዚህ ስሙ በስ ያልቃል ሲባል እጃችን በቀጥታ ኤስ ወደምትባለው ፊደል ይሄዳል። ተገላቢጦሽ ነው! በስ ድምፅ የሚያልቀው ስሙ የሚጻፈው በሲ ነው፣ በዝ ድምፅ የሚያልቀው ግሱ ነው በኤስ የሚጻፈው። ዜድ የምትባለዋ ፊደል የትኛውም ውስጥ የለችም። ድምፁን በደንብ ለይቶ የሚሰማ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ፈተና ላይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ለማስታወስ የሚረዳው ይኼ ነው፦ የስሙ የመጨረሻ ሦስት ፊደላት አይ፣ ሲ፣ ኢ ናቸው፤ ብቻቸውን ሲነበቡ አይስ ይሆናሉ፣ በረዶ። ግንቦት ላይ ከዚራ እኩለ ቀን ላይ የቆመ ሰው አይስ ምን እንደሆነ እንዲነገረው አይፈልግም። አይስ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፣ ነገር ደግሞ ስም ነው። «አሜሪካኖቹ ሌላ ነው የሚጽፉት» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። በዚህ ቃል ላይ እንግሊዝም አሜሪካም አንድ ናቸው።

በነገራችን ላይ ቃሉ መነሻው ፈረንሳይ ነው። የድሮ ፈረንሳይኛው «አቪ» ነበር፣ ዲ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በኋላ የተማሩት ሰዎች ላቲን ላቲን እንዲሸት ብለው ነው ዲዋን የጨመሩባት። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ፈረንሳይኛ እዚህ ከተማ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ምድር ባቡር የሠሩ አባት በሰፈራችሁ ካሉ «አቪ» ምንድነው ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ወይ «አስተያየት» ይሏችኋል፣ ወይ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ።

ማብዛት

አድቫይስ አይበዛም። አንድ ተብሎም አይቆጠርም። «ሜኒ አድቫይስስ» የለም፣ «አን አድቫይስ»ም የለም። ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፤ አማርኛው «ምክሮች» ይላል፣ ፈረንሳይኛውም ያበዛዋል፣ እንግሊዝኛ ብቻ ነው እንደ ውሃ የሚያየው። ውሃ በጀሪካን እንጂ በራሱ አይቆጠርም አይደል? አድቫይስም መለኪያ ይፈልጋል። አንድ ምክር «ኤ ፒስ ኦቭ አድቫይስ» ነው፣ ሁለት ምክር «ቱ ፒስስ ኦቭ አድቫይስ»፣ ብዙ ምክር «ኤ ሎት ኦቭ አድቫይስ»። ቁጥሩ ግድ ካልሆነ «ሰም አድቫይስ» ብሎ መገላገል ነው። ሰውም ብዙ ጊዜ የሚለው ይኼንኑ ነው።

ይህችን የተማረ ሰው ኢንፎርሜሽንን፣ ፈርኒቸርን፣ ኢኩዊፕመንትን፣ ሆምወርክንና ላጌጅንም አብሮ ይማር፤ አንዳቸውም አይበዙም። «ማይ ላጌጅስ» እያሉ ባቡር ጣቢያ ከፈታሽ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ ሻንጣው አሥር ቢሆንም ላጌጅ ላጌጅ ነው።

«አድቫይዝስ» የሚል ሰምቻለሁ፣ ትክክል ነው ለምትሉኝ፦ ልክ ናችሁ፣ ግን እሱ ግስ ነው። «ማይ ሲስተር አድቫይዝስ ሚ» ማለት እህቴ ትመክረኛለች ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ጭማሪ የብዙ ቁጥር አይደለችም፣ የ«እሷ» ናት።

አሁን የመጋላ ነጋዴዎች ሳይቆጡኝ ወደ ባንኩ ልሂድ። ገንዘብ ሂሳባችሁ ውስጥ ሲገባ ባንክ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ «ክሬዲት አድቫይስ» የሚል አለ። ማንም ምንም አልመከራችሁም። እዚህ ላይ አድቫይስ «ማሳወቂያ» ነው፤ በባንክና በንግድ ቋንቋ ውስጥ ብቻ ያለ አሮጌ ትርጉም ነው፤ በዚህ ትርጉሙ ሲበዛም ይገኛል። ኤልሲ፣ ማለትም ገዢው በባንኩ በኩል ለሻጩ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ፣ የከፈተ ሰው ደግሞ «አድቫይዚንግ ባንክ» የሚለውን ያውቀዋል። የሐረር ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴን ውሰዱ። ገዢው በአገሩ ባንክ ኤልሲ ይከፍታል፤ እዚህ ያለው አድቫይዚንግ ባንክ ወረቀቱ የእውነት መምጣቱን አይቶ «ኤልሲ ተከፍቶልሃል» ብሎ ለላኪው ያሳውቃል። ሥራው ማሳወቅ ነው። ይክፈልህ ወይም ተጠንቀቅ ብሎ አይመክርም። ይኼን ሳያውቁ «ባንኩ መክሮኛል» ብሎ የሚተረጉም ጸሐፊ መቅጠር ጣጣ አለው።

በትእዛዝ ቃና መናገር

ከባንክ ደብዳቤ ወደ ተራ ደብዳቤ የገባች አንዲት ሐረግ አለች፦ «ፕሊስ ቢ አድቫይዝድ»። ሰው «ፕሊስ»ን ሲያይ ትሕትና ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን «እንድታውቁት ይሁን» ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት። ለአለቃው ነገ አልመጣም ብሎ የሚጽፍ ሰው «ፕሊስ ቢ አድቫይዝድ» ብሎ ከጀመረ ፈቃድ አልጠየቀም፣ አስጠነቀቀ።

«አይ አድቫይዝ ዩ»ም እንደዚያው ከበድ ይላል። ሐኪም ለታካሚ፣ ጠበቃ ለደንበኛ ሲለው ያምርበታል። በአማርኛ ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «እመክርዎታለሁ» የሚል ልጅ የለም፤ «እንዲህ ቢያደርጉትስ?» ነው የሚባለው። እንግሊዝኛውም ይህን ያውቃል። «ኢፍ አይ ዌር ዩ» ብሎ መጀመር፣ ወይም «ዩ ማይት ዎንት ቱ» ማለት ይቻላል። ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ሰው ማስቀየምም እኮ ስህተት ነው፤ እንዲያውም ከኤስና ከሲው ይልቅ ይኼኛው ዋጋ ያስከፍላል ባይ ነኝ።

መሀል ላይ የሌለ «ቱ» መጨመር

ጁገል ውስጥ የሚያስጎበኝ ልጅ ጅብ ሲመገብ ማየት ለሚፈልግ ቱሪስት «አይ አድቫይዝ ቱ ዩ ቱ ካም ኢን ዘ ኢቭኒንግ» ይለዋል። የመጀመሪያዋ «ቱ» ትውጣ። «አድቫይዝ ዩ ቱ ካም» ብቻ። አማርኛችንም «መከርኩህ» ይላል እንጂ «መከርኩልህ» አይልም። «ለ» የምታስፈልገው ምክር ስትሰጡ ነው፣ እንግሊዝኛም ያኔ ነው ቱ የሚያስገባው፦ «ጊቭ አድቫይስ ቱ ሳምዋን»። ምክር ስትጠይቁ ደግሞ «ፎር» አትርሱ፦ «አስክ ፎር አድቫይስ»። ስለ ምን እንደሆነ ለመናገር «አባውት» ወይም «ኦን»። አለቀ።

ሕጉን ያገኙበት ሁሉ መለጠፍ

የስና የዝ ነገር አንዴ የገባው ሰው ሁሉንም ቃል በዚያ መንዳት ይጀምራል። በከፊል እውነቱን ነው። ዲቫይስ መሣሪያው ነው፣ ዲቫይዝ መፍጠሩ። ዩስ ጥቅሙ ነው፣ ዩዝ መጠቀሙ፤ እዚህ ላይ አጻጻፉ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ አፍ ላይ ብቻ ነው። ኤክስኪውስ፣ አቢውስ፣ ሀውስ፣ ሦስቱም ግስ ሲሆኑ ዝ ይይዛሉ። ቢሊፍና ቢሊቭ፣ ፕሩፍና ፕሩቭም የዚሁ ዘመዶች ናቸው፣ ፍ ወደ ቭ ትሄዳለች። እንደ ሀውስ ባሉት የጥንት ቃላት ላይ ምክንያቱ አሁንም ይታያል። በድሮ እንግሊዝኛ ግሱ ከኋላው አናባቢ ነበረው፣ በሁለት አናባቢ መሀል የገባች ስ ደግሞ ዝ ትሆን ነበር። አናባቢዋ ጠፍታ ዝዋ ቀረች።

ግን ፕሮሚስ፣ ኖቲስና ሰርቪስ አይለወጡም። ስምም ግስም ሲሆኑ በስ ያልቃሉ። «አይ ፕሮሚዝ» ማለት የለም። ፕራክቲስም እንደዚያው ነው፣ ፕራክቲዝ ብሎ መጥራት አይቻልም፤ ልዩነት ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እንግሊዞች ስሙን በሲ ግሱን በኤስ ይጽፋሉ፣ አሜሪካኖች ሁለቱንም በሲ። ሁለቱም ልክ ነው። ሲቪ ላይ ግን አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጨርሱት።