አፈር በወር ስንት ናይትሮጅን እንደሚለቅ በከረጢት እንዴት ይለካል?

የአፈር ምርመራ ውጤት ላይ የሚነበበው ናይትሬት (ሥር የሚወስደው የናይትሮጅን ዓይነት) ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ብቻ ይናገራል። በማግስቱ ከባድ ዝናብ ከጣለ ያ ቁጥር ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የማዳበሪያ መጠን የሚያሳስበው ሰው «አሁን ስንት አለ?» ከማለት አልፎ «አፈሩ በራሱ ስንት ያወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ ነው። የአፈር ተመራማሪዎች ከ1960 ጀምሮ የሚያውቁት ቀላል ዘዴ አለ፤ አፈሩን በስስ የፕላስቲክ ከረጢት አስሮ እዚያው ማሳው ላይ መቅበር።

የአፈር ናይትሮጅን አብዛኛው ብስባሽ ውስጥ ታስሮ የሚኖር በመሆኑ ሥር በቀጥታ አያገኘውም። ረቂቅ ተሕዋስያን ብስባሹን ሲያፈራርሱት አሞኒየም ይወጣል፤ ከዚያም ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ከረጢቱ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ስስ ፖሊኢታይሊን፣ አየር ያሳልፋል፣ ውኃ ግን አያሳልፍም። በመሆኑም ከረጢቱ ውስጥ ሥራው ይቀጥላል፤ የተመረተውን ግን ዝናብ አያጥበውም፣ ሥርም አይወስደውም።

መጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። ከረጢቱ የተቀበረበትን ቀን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ፣ አፈሩ ደረቅ አቧራ ወይም ጭቃ ከሆነ ይጠብቁ። ጭብጥ አድርገው ሲጨምቁት የሚጣበቅ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ አፈር ተስማሚ ነው። ማዳበሪያ ከተጨመረ ብዙም ካልቆየ ሥራውን ያዘግዩት።

ቀጥሎ በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩና ናሙናውን ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ይቀላቅሉ። ዩሪያ ተይዞበት የነበረ ባልዲ ፈጽሞ አይሆንም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ አንዲት ፍሬ እንኳ ውጤቱን ታበላሻለች። ድንጋይና ሥር ይልቀሙ፣ ጓሉን በእጅ ይፍረክሱ፤ ነገር ግን አፈሩን ፀሐይ ላይ አያስጡ። ደርቆ እንደገና የረጠበ አፈር ለጥቂት ቀናት ከወትሮው በላይ ናይትሮጅን ይለቃል፤ ያ ደግሞ የማሳውን እውነተኛ ልማድ አያሳይም።

የተቀላቀለውን አፈር ይከፋፍሉ። አንዱ ክፍል በበረዶ ተይዞ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ካልሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይበረድ። ይህ መነሻው ነው። ቀሪውን ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል እየመዘኑ ቢያንስ በአምስት ከረጢቶች ይሙሉ፤ በደንብ አስረው በማሳው የተለያየ ቦታ በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ። በየቦታው እንጨት ይትከሉ። በአንድ ከረጢት ብቻ መተማመን ሞኝነት ነው፤ አይጥ ወይም ምስጥ ይበሳዋል፣ አፈርም ከእርምጃ እርምጃ ይለያያል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ያውጧቸው። የተቀደደውን ይጣሉ፤ ደኅነኛዎቹን እንደ መነሻው ናሙና በበረዶ ይላኩ። ላቦራቶሪው በ2 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ (የጨው ውኃ ዓይነት) አጥቦ አሞኒየምንም ናይትሬትንም እንዲለካ ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ «ናይትሬት» ይሁን «የናይትሬት ናይትሮጅን» ሳያጣራ ያነብባል። ናይትሬት ተብሎ ከተጻፈ ለ4.43 መካፈል አለበት፤ አለበለዚያ አፈሩ ከእውነቱ አራት እጥፍ የበለጸገ ይመስላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መነሻው ላይ የአሞኒየሙና የናይትሬቱ ድምር በኪሎ ግራም አፈር 12 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ነበር፣ ከከረጢቱ ደግሞ 20 ተገኘ እንበል። ልዩነቱ 8 ነው። የአፈሩ ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.3 ግራም ሲሆን የ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሄክታር አፈር 2.6 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 8ን በ2.6 ሲያባዙ በአራት ሳምንት 21 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን በሄክታር ተለቋል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ላቦራቶሪውን ለመውቀስ አይቸኩሉ። በቅርቡ የስንዴ ገለባ የተቀበረበት ማሳ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። በገለባው ውስጥ ካርቦኑ የናይትሮጅኑ 80 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ተሕዋስያኑ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ላይ ይወስዳሉ። ሌላው ምክንያት ውኃ የጠገበ አፈር ነው፤ ኦክስጅን ሲያጥር ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ጋዝ ስለሚለውጡት ወደ አየር ይጠፋል።

ይህን ቁጥር ከማዳበሪያ መጠን ላይ እንዳለ ቀንሶ መጣል ግን አይመከርም፤ ከረጢት ውስጥ ሥር የለም፣ እርጥበቱም አይለዋወጥም። ትልቁ ጥቅሙ ማነጻጸር ነው፤ ጥራጥሬ የተዘራበትን ማሳ በስንዴ ላይ ስንዴ ከተደጋገመበት ጎን ለጎን ይፈትሹ። የወቅቱን ሙሉ ሁኔታ ማየት የፈለገ በየወሩ በአዲስ አፈርና በአዲስ ከረጢት ይድገመውና ውጤቶቹን ይደምር።